ግድቡ ሞልቶ የሰፈራችን ትራንስፎርመር ለምን ይቃጠላል?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ታላቁ የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። የማመንጨት አቅሙ 5150 ሜጋ ዋት ነው። ጊቤ ሦስት ብቻውን 1870 አለው። በለስ 460። ለጅቡቲና ለሱዳን ስንሸጥ ቆይተን ከኅዳር 2015 ጀምሮ ኬንያም ከእኛ ኃይል ትወስዳለች። ታዲያ ዝናብ ባካፋ ቁጥር መብራት የሚጠፋብን ለምንድን ነው?

የኔ እምነት ይህ ነው። የጎደለን ኃይል አይደለም። የጎደለን ያንን ኃይል በደህና ወደ ቤታችን የሚያደርስ መስመር ነው። ከማከፋፈያ ጣቢያ እስከ ቆጣሪያችን ያለው ምሰሶ፣ ሽቦና ትራንስፎርመር አርጅቷል። አሮጌ ፊውዝ መቀየር ሪባን አያስቆርጥም፣ ዜናም አይሆንም። ስለዚህ ሁልጊዜ ለነገ ይቀራል። በዚህ የማይስማማ ካለ ምክንያቱን ይጻፍልኝ። በየሰፈራችሁ ያያችሁትንም ጨምሩ።

መልሱ ስለበዛ ዘግይታችሁ ለመጣችሁ በራሴ አነጋገር በቅደም ተከተል አስቀምጬላችኋለሁ።

መልስ 1

ባሕር ዳር ፀጉር ቤት ያላት እህት ናት። ሙሉ በሙሉ ተስማማች። ደንበኛዋ ካስክ ውስጥ ተቀምጣ መብራት ሲሄድ ግማሹ እርጥብ፣ ግማሹ ደረቅ ፀጉር ይዛ እንደምትጠብቅ ነገረችን። ጄኔሬተር ገዝታለች፤ ቤንዚኑ ግን ትርፏን እየበላው ነው። በጣም የሚቆጫት ሌላ ነገር ነው። ጢስ ዓባይ ከ1956 ጀምሮ መብራት የሚያመነጨው እዚያው አፍንጫዋ ሥር ነው።

መልስ 2

ስርጭት ላይ ረጅም ዓመት የሠራ መሐንዲስ ነው። በትሕትና ጀመረ፤ ግን አረመኝ። ዕድሜ ብቻውን ትራንስፎርመር እንደማይገድል፣ የሚገድለው ጭነት መሆኑን ጻፈ። ስሌቱን ቁጭ ብሎ ሠራልን። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። ሃምሳ ቤት በአንድ ጊዜ እንጀራ ቢጋግር 175 ኪሎ ዋት ማለት ነው። ሰፈር ውስጥ የምናየው ባለ 200 ኪሎ ቮልት አምፒር (በተግባር ከ200 ኪሎ ዋት ትንሽ ያነሰ የሚሸከም) ትራንስፎርመር በምጣድ ብቻ ጢም አለ። ፍሪጁ፣ ካውያው፣ የውሃ ማሞቂያው ገና አልተቆጠረም።

ትራንስፎርመሩ ሲተከል ሰፈሩ ጥቂት ግቢ ነበር። ዛሬ በየግቢው የሚከራይ ሰርቪስ ቤት አለ፤ ጎኑ ላይ ፎቅ ቆሟል። ትራንስፎርመሩ ግን ያው ነው።

ከዚያ የብረቱን ሳጥን ከፍቶ አሳየን ማለት ይቻላል። ውስጡ የመዳብ ጥቅል አለ። ጥቅሉ በወረቀት ተጠቅልሎ ዘይት ውስጥ ይነከራል። ዘይቱ ያቀዘቅዛል፤ ወረቀቱ ደግሞ መዳብ ከመዳብ እንዳይነካካ ይከላከላል። ከተሠራበት የሙቀት ልክ በላይ በየ6 ዲግሪው የወረቀቱ ዕድሜ በግማሽ ያጥራል። ዓመታት ከሞቀ በኋላ ወረቀቱ እንደ አሮጌ ጋዜጣ ይሰባበራል። አንድ ቀን ትንሽ ንዝረት ይመጣና ያበቃለታል። እኛ በዝናቡ የፈነዳ ይመስለናል። ሞቱ የጀመረው ግን ከዓመታት በፊት ነው።

ከዚህ የውይይት ክር ሁሉ ለኔ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው። ያየነው ፍንዳታ መጨረሻው ነው።

መልስ 3

አንዲት እናት ተቆጡ። ጥፋቱ በምጣድ ላይ መላከኩ አልተዋጠላቸውም። ከሰልና እንጨት ተዉ፣ ደን አታስጨፍጭፉ ተብለው ወደ ኤሌክትሪክ የመጡት ተመክረው መሆኑን አስታወሱ። አሁን ደግሞ እንጀራ በመጋገራቸው ትራንስፎርመር አቃጣይ የሚባሉት ለምን እንደሆነ ጠየቁ። እውነት አላቸው።

መልስ 4

መሐንዲሱ ተመልሶ ይቅርታ ጠየቃቸው። እናታችን ብሎ ነው የጀመረው። ምጣዱን ሳይሆን እቅዱን እየወቀሰ መሆኑን አስረዳ። ሰው ወደ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ሽቦውም አብሮ መወፈር ነበረበት።

ቀጥሎ የፊውዙን ነገር አመጣ። ትራንስፎርመሩ ሥር ያለው ፊውዝ በልክ የተሠራ ነው። ጭነት ሲበዛ ቀድሞ ይበጠሳል፤ ትራንስፎርመሩን የሚያድነው በመበጠሱ ነው። ፊውዝ በየማታው ሲበጠስና መለዋወጫ ሲጠፋ ግን አንድ ሰው መጥቶ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ያስርበታል። መብራት ይመጣል። ሰፈሩ ይመርቀዋል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ትራንስፎርመሩ ጠባቂ የለውም።

መልስ 5

ጡረታ የወጡ ጋሼ ናቸው። የድሮውን መብራት ኃይል ከውስጥ ያውቁታል። ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱ በ1948 ሲቋቋም ልጅ እንደነበሩ፣ ቆቃ በ1952 ሥራ ሲጀምር አባታቸው ስለ እሱ ያወሩላቸው እንደነበር ጻፉ። ቆቃ ኢጣሊያ በከፈለችው የጦር ካሳ የተሠራ 43 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ነው። ያን ጊዜ ትልቅ ነገር ነበር። ዛሬ ሐይቁ በደለል ተቸግሯል፤ ጣቢያው ግን አሁንም አለ።

ከዚያ ሁላችንንም አረሙ። በ2006 ድርጅቱ ለሁለት ተከፍሏል። ግድቡንና ትልልቁን መስመር የያዘው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ከማከፋፈያው እስከ ቆጣሪ ያለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ድርሻ ነው። ይህን ሳይለዩ መከራከር የትም እንደማያደርስ መከሩን። ደረቅ ዓመት መኖሩን እንዳንረሳም አሳሰቡ። በግንቦት 2011 ጊቤ ሦስት ውሃው ጎድሎ መላ አገሩ በፈረቃ ነበር። የጎደለን ኃይል አይደለም ብዬ የጻፍኩት ለጋሼ ችኮላ ነው። እኔ ግን ለሰፈራችን መብራት መጥፋት ዋናው ምክንያት መስመሩ ነው በሚለው እንደጸናሁ ነኝ። በፈረቃ የጠፋ መብራት ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል። በበሰበሰ ምሰሶ የጠፋው ግን መቼ እንደሚመጣ የሚነግርህ የለም።

መልስ 6

ትልቁ የኃይል መስመር በእርሻው ላይ የሚያልፍ ሰው ነው። ሌላ በር ከፈተ። ብረት ማማው ላይ ከታች ያሉት ማሰሪያ ብረቶች እየተፈቱ ለቁራሌው ይሸጣሉ። ማማው ቆሞ ይታያል፤ እግሩ ግን ተበልቷል። ነፋስ ሲመጣ ይወድቃል። አንዱ ሲወድቅ ጎረቤቱን ይጎትታል። ሌሊት ላይ የመፍቻ ድምፅ ሰምቶ ለሚሊሻ እንደነገረ፣ ሲደርሱ ሰው እንዳልነበረ ጻፈ። በኪሎ የተሸጠው ብረት ስንት ከተማ እንዳጨለመ የሚያስብ ጠፋ ብሎ አዘነ።

መልስ 7

ከሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የጻፈ ወንድም አለ። ያረጀ መስመር የድሃ አገር ችግር ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት ፈለገ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 29 ቀን 2012 ምሽት ዴሬቾ የሚባል የነፋስ ማዕበል መጣ። ዛፎቹ በሽቦው ላይ ተጋደሙ። ዋሽንግተንና አካባቢዋ በዚያ ቀውጢ ሙቀት ለቀናት ያለ መብራት ቀሩ። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ የ911 የድንገተኛ ጥሪ ሳይቀር ተቋረጠ። ሐበሻ ምግብ ቤቶች የፍሪጅ ሥጋቸውን አውጥተው የጣሉበት ሳምንት ነበር። እ.ኤ.አ. የ2003ቱንም የመብራት መጥፋት አነሳ። ኦሃዮ ውስጥ ሽቦ ዛፍ ነካ፤ የመቆጣጠሪያው ማንቂያ አልሠራም፤ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው ጨለማ ውስጥ ገባ።

መልስ 8

እዚህ ላይ ነገሩ ከረረ። አንዱ በሁለት መስመር መለሰ። አሜሪካ ውስጥ በአሥር ዓመት አንዴ የሆነን ነገር በሳምንት ሦስቴ ከሚሆንብን ጋር ማወዳደር ስድብ ነው የሚል ነው። ቃሉ ጠንከር ያለ ነበር። ቁጣው ይገባኛል። የሜሪላንዱ ወንድም ያመጣው ግን ማጽናኛ አይደለም። ዛፍ መከርከም የተባለ ተራ ሥራ ሲዘለል ምን እንደሚመጣ ነው ያሳየን።

መልስ 9

ቤይሩት ሠርታ የተመለሰች እህት ነች። እኔ ያልጠበቅኩት መልስ ነበር። የመንግሥቱ መብራት በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ ይመጣል። የቀረውን ሰፈሩ ውስጥ ጄኔሬተር ያለው ሰው በወር ክፍያ ይሸጣል። አምስት አምፒር የገዛ ቤት ፍሪጅና አምፖል ያበራል፤ ማጠቢያ ማሽን ከጨመረ ይቆረጣል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2021 ጭራሽ መላ አገሩ ጠፋ፤ ማመንጫዎቹ ነዳጅ አልቆባቸው ነበር። ሊፍት ሲቆም ውሃና ጋዝ ተሸክማ ፎቅ የምትወጣው እሷ ነበረች። አሠሪዎቿ ኢንቨርተር (ከባትሪ መብራት የሚሰጥ መሣሪያ) ነበራቸው። የሠራተኛዋ ክፍል ግን ከኢንቨርተሩ ጋር አልተገናኘም።

ማስጠንቀቂያዋ ለኛ ነው። ዋናው መስመር ሲተው ገንዘብ ያለው የራሱን ያበጃል። የራሱን ካበጀ በኋላ ደግሞ ስለ ዋናው መስመር መጮኹን ይተዋል። ከዚያ የሚጮኸው አቅም የሌለው ብቻ ይሆናል። እኔም በከተማችን የማየው ይህንኑ ነው። በየሕንፃው ሥር ጄኔሬተር አለ። በየአዲሱ ቤት ጣሪያ ሶላር እየተሰቀለ ነው። ምሰሶው ግን እንደዘመመ ነው።

መልስ 10 እና 11

አንድ ወጣት መብራት ሲመጣ ቴሌቪዥኑና የፍሪጁ ሞተር አብረው መቃጠላቸውን ጽፎ ምክንያቱን ጠየቀ። መሐንዲሱ ኒውትራል ነው ብሎ መለሰ። ወደ ሰፈር የሚመጣው መስመር ኃይል የሚያመጡ ሦስት ሽቦዎች (ፌዝ) እና አንድ መመለሻ ሽቦ (ኒውትራል) አለው። ቤታችን 220 ቮልት የሚያገኘው ከአንዱ ፌዝና ከኒውትራሉ መካከል ነው። የኒውትራሉ ማሰሪያ ዝጎ ሲላቀቅ ቤቶቹ በፌዝና በፌዝ መካከል ይንጠለጠላሉ። እዚያ ያለው 380 ቮልት ነው። ብዙ ዕቃ ያበራው ቤት ይደበዝዛል። ጥቂት ያበራው ቤት ላይ ቮልቴጁ ወደ 380 ይወጣል። አምፖላችሁ ከወትሮው በላይ ቦግ ብሎ የጎረቤት ከደበዘዘ፣ ሳታመነቱ ዋናውን ብሬከር አውርዱ አለን። ይህን ለቤተሰብ ሁሉ አስተላልፉ።

መልስ 12፣ 13 እና 14

ታሪፍ ተነሳ፤ ሰላም ጠፋ። አንዱ ኢኮኖሚ የተማረ ይመስላል። ለመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት እስከ 2016 መጨረሻ ድረስ 27 ሳንቲም ገደማ ብቻ ሲከፈል ኖሮ፣ ዋጋውም እስከ ታኅሣሥ 2011 ድረስ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይነካ ቆይቶ፣ ምሰሶ በምን ገንዘብ ይቀየር የሚል ነው። የጡረተኛ ልጅ የሆነች መለሰችለት። ከመስከረም 2017 ወዲህ ታሪፉ በየጊዜው እየጨመረ ነው፤ የእናቷ ሰፈር ግን የተቀየረ ምሰሶ አላየም። ሦስተኛው ገብቶ ሁለቱንም አላዋቂ አላቸው። አወያዩ ያን መልስ ግማሹን ሰርዞታል።

ለኔ ሁለቱም አንድ ነገር እያሉ ነው። ሰው የሚጨምረው ብር የት እንደገባ ምሰሶው ላይ ቢያየው ክርክሩ ይረግባል። የየመስመሩ መብራት በወር ስንት ጊዜ እንደጠፋና ስንት ሰዓት እንደቆየ በየቅርንጫፉ በር ላይ ቢለጠፍ ደስ ይለኛል።

መልስ 15 እስከ 18

ክሩ ወደ መኪና ሄደ። ከጥር 2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ስለቀረ፣ አንዱ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ ግቢው ውስጥ ቻርጀር ሊያስገባ መሆኑን ጻፈ። መሐንዲሱ 7 ኪሎ ዋት የሚስብ ቻርጀር ሁለት ምጣድ መሆኑን፣ ምጣዱ ግን በሰዓታት ሲጠፋ ይህኛው ሌሊቱን ሙሉ እንደሚስብ ነገረው። እኩለ ሌሊት ላይ ቻርጅ ማድረግ ለመስመሩም ለራሱም ይበጃል። ከዚያ የትኛው መኪና ባትሪው ይበረታል የሚል ረጅም ወግ ተጀመረ። አለፍኩት። አወያዩ ለእሱ ሌላ ክር ክፈቱ ብሎ መለሰን።

መልስ 19

ከመቀሌ የመጣ አጭር መልስ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ከዋናው መስመር ተቆርጠው ቆይተው በኅዳር 2015 መገናኘታቸውን ጻፈ። ያረጀ መስመር ከምንም እንደሚሻል፣ በጦርነት የተመታ መስመርም በአንድ ሳምንት እንደማይመለስ እንድናውቅለት ብቻ ፈለገ። ማንም አልተከራከረውም።

መልስ 20 እና 21

አንዱ መላ አገሩ በአንድ ደቂቃ የሚጠፋባቸው ቀኖች ለምን እንደሚፈጠሩ ጠየቀ። ያ በእርጅና ሽቦ ይሆናል ብሎ አላመነም። ትክክል ጠይቋል። መሐንዲሱ እንዳስረዳው መላው መረብ በ50 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ፣ እኩል ይመታል። አንድ ትልቅ ማመንጫ ወይም ትልቅ መስመር በድንገት ሲወጣ ምቱ ይወርዳል። ያን ጊዜ አንዳንድ አካባቢዎች በራሳቸው ጊዜ ተቆርጠው ሌላውን ማዳን አለባቸው። ቆራጩ መሣሪያ ካረጀ ወይም ልኩ በትክክል ካልተሞላ በጊዜ አይቆርጥም። ጣቢያዎቹ ራሳቸውን ለማዳን በየተራ ይወጣሉ። ጥቂት ትልልቅ ጣቢያዎች ላይ የተንጠለጠለ መረብ ለዚህ ይበልጥ ይጋለጣል። እንደገና ማስነሳቱም ቀስ እያለ ነው፤ አንድ አካባቢ በርቶ እስኪረጋጋ ሌላው ይጠብቃል።

መልስ 22

እኔን ለብቻዬ የመጣብኝ ነው። በግድቡ ደስ ያላለኝ፣ የአገርን ክብር የማሳንስ አድርጎ ጻፈኝ። ለቢትኮይን ማዕድን ቆፋሪዎች (በኮምፒውተር ዲጂታል ገንዘብ ለሚያመርቱት) የሚሸጠው ኃይል ዶላር እያመጣ ሳለ ስለ ፊውዝ ማልቀስ ያሳፍራል አለ።

መልሴን በክሩ ውስጥ በ23 ቁጥር አስገብቻለሁ። ለግድቡ ቦንድ ገዝቻለሁ። ሲመረቅም አልቅሻለሁ። እኔን የሚያስቆጨኝ ያ ኃይል መንገድ ላይ መቅረቱ ነው። ከሚመነጨው አምስተኛው ገደማ ደንበኛ ሳይደርስ ይባክናል፤ ከፊሉ በቀጭንና በረጅም ሽቦ ሙቀት፣ ከፊሉ በስርቆት። ግድቡን የሚወድ ሰው ይህን ዝም ማለት የለበትም።

መልስ 24

የመስመር ሠራተኛ የሆነ ወጣት ነው። ይህን ክር ሳያነብ ቢቀር ኖሮ ብዙ ነገር ይቀርብን ነበር። በክረምት ሌሊት በዝናብ ምሰሶ ላይ ይወጣል። ከመውጣቱ በፊት ምሰሶውን መሬት አጠገብ በመዶሻ ይመታዋል። የባሕር ዛፍ ምሰሶ የሚበሰብሰው እዚያ ነው፤ አፈሩና አየሩ የሚገናኙበት ቦታ። ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ባዶ ከሆነ ድምፁ ይለያል። ያኔ አይወጣም። ሰፈሩ ግን ሰነፍ ብሎ ይሰድበዋል።

በጣም የሚፈራው ግን ምሰሶውን አይደለም። ጄኔሬተር ነው። ሰው ጄኔሬተሩን ያለ ቼንጅ ኦቨር (ቤቱን ከመስመሩ ወይም ከጄኔሬተሩ ከአንዱ ጋር ብቻ የሚያገናኝ መቀያየሪያ) በቀጥታ የቤቱ ሶኬት ላይ ይሰካዋል። ዋናውን ብሬከር ማውረድ ከረሳ ኤሌክትሪኩ በቆጣሪው በኩል ወደ ውጭ ይወጣል። ትራንስፎርመሩ ጋ ሲደርስ ወደ ኋላ ይሠራል፤ 220 የገባው 15 ሺህ ቮልት ሆኖ ይወጣል። ሠራተኛው መስመሩ ከጣቢያ ተዘግቷል ተብሎ ሽቦውን ሊይዝ ሲዘረጋ የጠፋው መስመር በአንድ ሰው ጄኔሬተር በርቶ ይጠብቀዋል። ለዚህ ነው ሁልጊዜ መስመሩን ከመሬት ጋር ሳያስር የማይነካው። ባልደረቦቹ ሁሉ ግን የማሰሪያ ኬብል በእጃቸው የለም።

መልስ 25

ጋሼ መጥተው ልጁን አንተ ልጄ እግዚአብሔር ይጠብቅህ አሉት። በእሳቸው ጊዜ ምሰሶ በየወቅቱ እየተዞረ ይፈተሽ እንደነበር፣ የተፈተሸውም በመዝገብ ይሰፍር እንደነበር ጻፉ። አሁን በየከተማው የኮንክሪት ምሰሶ መተካቱን፣ በአዲስ አበባ የኮሪደር ሥራ በደረሰባቸው መንገዶችም ሽቦ መሬት ውስጥ መግባቱን አይተው ደስ ብሏቸዋል። የውስጥ ለውስጡ ሰፈር ተራው እንዲደርሰው ግን መዝገቡ መመለስ አለበት ይላሉ። የትኛው ምሰሶ መቼ እንደተተከለ የማያውቅ መሥሪያ ቤት የትኛውን ቀድሞ እንደሚቀይርም አያውቅም።

መልስ 26 እና 27

ያቺ የባሕር ዳር እህት ተመልሳ መጣች። ጄኔሬተሯ ግድግዳው ሶኬት ላይ እንደሚሰካ ጻፈች። ለመስመር ሠራተኛው አደጋ እንደሆነ እስከዛሬ የነገራት ሰው የለም። ቼንጅ ኦቨር ለማስገባት ምን እንደምትገዛ ጠየቀች። መሐንዲሱ ፌዙንም ኒውትራሉንም አብሮ የሚቆርጥ እንድትገዛ፣ ግቢዋ ሦስት ፌዝ ከሆነ ደግሞ አራቱንም የሚቆርጥ እንዲሆን፣ ሥራውንም ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን እንዲሠራላት መከራት። እስከዚያ ድረስ ካስኩንና አምፖሎቹን በኤክስቴንሽን በቀጥታ ከጄኔሬተሩ ላይ እንድትሰካ፣ ግድግዳው ሶኬት ውስጥ ግን ምንም እንዳታስገባ ነገራት።

መልስ 28

የመጨረሻው መልስ ዛሬ ጠዋት የገባ ነው። በሩ ላይ ያለው ምሰሶ ከትናንቱ ዝናብ በኋላ እንደዘመመ፣ ልጆች ደጋፊ ሽቦውን ይዘው እንደሚወዛወዙ ጽፎ ምን ላድርግ አለ። የመስመር ሠራተኛው ወዲያው መለሰለት። ልጆቹን አሁኑኑ ከዚያ እንዲያርቅ፣ በገመድ ለማቃናት እንዳይሞክር፣ 905 ደውሎ ቦታውን በታወቀ ምልክት እንዲናገር፣ ያናገረውን ሰው ስምና ሰዓቱን እንዲጽፍ ነገረው። ካልመጡለት ቅርንጫፉ ድረስ ሄዶ በጽሑፍ እንዲያመለክትና ቅጂውን እንዲይዝ እኔም ጨምሬለታለሁ። ደውሎ ምን እንደተባለ እንዲጽፍልን እየጠበቅን ነው።